እያወቁ ማስታወስና ሳያውቁ ማስታወስ፦ አንጎልን በየትኛው መሣሪያ እንይ?

ትላንት ያነበባችሁትን ቃል ዛሬ ድንገት ብታዩት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ይሄንንማ ትላንት አይቼዋለሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማየታችሁ ጭራሽ ትዝ ሳይላችሁ ቃሉን ከሌሎች ቃላት ፈጠን ብላችሁ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ማስታወሳችሁን ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ትውስታው ሥራውን ሠርቶ ያልፋል፤ እናንተ ግን አልተሰማችሁም።

እነዚህን ሁለቱን በአንጎል ምስል መለየት ይቻላል? ይቻላል። ሁሉም መሣሪያ ግን እኩል አያሳይም። ይህን የጻፍኩት ለመመረቂያ ጥናቱ መሣሪያ ለሚመርጥ ተማሪ፣ ለላብራቶሪ ሥራ አዲስ ለሆነ ረዳት ተመራማሪ፣ እንዲሁም «አንጎልህን አይተን የደበቅከውን እንነግርሃለን» የሚል ወሬ ሰምቶ እውነት ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የትኛውም ማሽን ንቃትን፣ ማለትም ሰው እያወቀ መሆኑን፣ አያይም። አንዱ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ያያል፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ለውጥ ይመዘግባል። «ይሄ ታውቆ የመጣ ትውስታ ነው፣ ያኛው ሳይታወቅ የመጣ ነው» ብሎ የሚለየው ለተሳታፊው የምትሰጡት ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈተናውን ምረጡ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጥናት የሚበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

ልዩነቱ ከማሽኑ በፊትም ይታወቅ ነበር

በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ሲባል ከአንጎሉ ሁለቱም ጎን የሂፖካምፐሱ (በአንጎል ውስጥ ከጥልቅ ያለ፣ ለትውስታ ወሳኝ የሆነ ክፍል) ሰፊ ክፍልና አካባቢው በቀዶ ሕክምና ተወሰደ። በ2008 እስኪሞት ድረስ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የሚታወቀው «ኤች ኤም» በሚሉት ፊደላት ብቻ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያገኘውን ሰው፣ የበላውን ምግብ፣ የሰማውን ወሬ መያዝ አቃተው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ግን አንድ ሥራ ሰጠችው፤ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽን ተከትሎ እንዲስል። ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ ብሎ አያውቅም። እጁ ግን በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ።

ኤሊዛቤት ዋሪንግተንና ሎረንስ ዋይስክራንዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ቀደም ብለው ያዩትን ሥዕል ቆራርጠው ቢያሳዩአቸው ከመጀመሪያው ጊዜ በበለጠ ፍጥነት ይለዩታል። «አይታችሁታል?» ሲባሉ ግን አያውቁም። በ1985 ፒተር ግራፍና ዳንኤል ሻክተር ለሁለቱ ዓይነት ስም ሰጡ። እኔ እዚህ እያወቁ የሚመጣውን ግልጽ ትውስታ፣ ሳያውቁ የሚመጣውን ስውር ትውስታ እለዋለሁ።

መጀመሪያ ፈተናው

ለግልጽ ትውስታ ፈተናው ቀላል ይመስላል። «ይህን ቃል ቅድም አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ግን «አዎ» የሚለው መልስ ውስጥም ሁለት ነገር አለ። ኤንደል ተልቪንግ በ1985 ያቀረበው መለያ እዚህ ይጠቅማል። ተሳታፊው የት፣ መቼ፣ ምን እያሰበ እንዳየው ትዝ ካለው «አስታውሳለሁ» ይላል። መልኩ ብቻ የሚያውቀው መስሎት (የመተዋወቅ ስሜት ይባላል) ዝርዝሩ ካልመጣለት «አውቃለሁ» ይላል። ይህን ሳትጠይቁ የሰበሰባችሁት የአንጎል ምስል ሁለቱን ደባልቆ ነው የሚሰጣችሁ።

ስውሩ ይከብዳል። የተለመደው መንገድ ቃል ማስሟላት ነው። ተሳታፊው መጀመሪያ «መስኮት» የሚለውን ቃል ከሌሎች ብዙ ቃላት ጋር ያያል። በኋላ «መስ» የሚል ጅምር ይሰጠውና «መጀመሪያ በመጣልህ ቃል ሙላው» ይባላል። መስታወት፣ መስቀል፣ መስክ ማለት ይችል ነበር። መስኮት የሚለው ቅድም ቃሉን ላላየ ሰው ከሚጠበቀው በላይ ከመጣ ያለፈው እይታ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ፕራይሚንግ ይሉታል። ያንኑ ጅምር ሰጥታችሁ «ቅድም ባየኸው ቃል ሙላው» ብትሉት ደግሞ ፈተናው ግልጽ ይሆናል። በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር አንድ ነው፤ የተለየው ትእዛዙ ብቻ ነው። ይህን በጣም እወደዋለሁ። የአንጎል ልዩነት ከታየ «ቃላቱ ስለተለያዩ ነው» የሚል ሰው አይነሳባችሁም።

አንድ ችግር ግን አለ። ሰው ብልህ ነው። ጥቂት ጅምሮችን ከሞላ በኋላ «ለካ እነዚህ ቅድም ያየኋቸው ናቸው» ብሎ ሊነቃ ይችላል። ከዚያ ስውር ያላችሁት ፈተና በውስጡ ግልጽ ሆኗል። ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቹ በ1992 በፔት ስካን (ደም ውስጥ በሚገባ ጨረር አመንጪ ነገር የደም ፍሰትን በሚያሳይ መሣሪያ) በሠሩት ታዋቂ ጥናት ይሄው ጥያቄ ተነሳ። እያወቁ ለማስታወስ በሚሞከርበት ጊዜ የቀኙ ሂፖካምፐስ አካባቢ ሥራው ጨመረ፤ በፕራይሚንግ ጊዜ ደግሞ በአንጎል ኋላ ያለው የእይታ ክፍል ሥራው ቀነሰ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው በፕራይሚንጉም ጊዜ ሂፖካምፐስ አካባቢ እንቅስቃሴ መታየቱ ነው። ተሳታፊዎቹ ነቅተው ይሆን?

ሻክተርና ባልደረቦቹ በ1996 መልስ አመጡ። ቃላቱን ተሳታፊዎች ትርጉማቸውን ሳያስቡ ላይ ላዩን ብቻ እንዲያዩአቸው አደረጉ። እንዲህ የታየ ቃል እያወቁ ለማስታወስ ያስቸግራል፤ ፕራይሚንጉ ግን አይጠፋም። ያኔ የእይታው ክፍል እንደበፊቱ ቀነሰ፣ የሂፖካምፐሱ ጭማሪ ግን አልታየም። ያስተካከሉት ማሽኑን አይደለም፤ ፈተናውን ነው።

ሌላ ጠንካራ መንገድ ላሪ ጃኮቢ በ1991 ያቀረበው ነው። ተሳታፊውን «ቅድም ያየኸውን ቃል እንዳትጽፍ» ትሉታላችሁ። እያወቀ ካስታወሰው ይተወዋል። ከልክላችሁት እያለ ደጋግሞ ከጻፈው ቃሉ የመጣው ሳያውቀው ነው። ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ከሚያደርገው ነገር ስለሚነሳ ደስ ይላል።

ኤፍ ኤም አር አይ፦ «የት» ለሚል ጥያቄ

ይህ ዛሬ በጣም የተለመደው መሣሪያ ነው። መሠረቱን የጣለው ሴጂ ኦጋዋ በ1990 ነው። የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል፤ ኦክስጅን ያለውና የሌለው ደም በመግነጢስ ውስጥ ያላቸው ጠባይ ስለሚለያይ ማሽኑ ይህን ያነባል። በተለመደው 3 ቴስላ (የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ) ማሽን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያል። በ7 ቴስላ ደግሞ ወደ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ጨረር የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ሂፖካምፐስን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

እያወቁ ሲያስታውሱ የሚታየው ሥዕል በብዙ ጥናት ተደጋግሟል። ሂፖካምፐስ፣ በግራ በኩል አንጉላር ጋይረስ የሚባለው የፓራይታል (የአንጎል ላይኛው የኋላ ጎን) ክፍል፣ እንዲሁም ከኋላ በመሃል ያሉ አካባቢዎች አብረው ይሠራሉ። ማርክ ዊለር፣ ስቲቨን ፒተርሰንና ራንዲ በክነር በ2000 ሌላ ጥሩ ነገር ጨመሩ። ሰው ሥዕል ሲያስታውስ ከእይታ ክፍሎቹ የተወሰኑት፣ ድምፅ ሲያስታውስ ደግሞ ከመስማት ክፍሎቹ የተወሰኑት እንደገና ይነቃሉ።

በስውር ትውስታ ጊዜ ግን ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የታየ ነገር ለእይታው ክፍል ይቀለዋል፤ ስለዚህ ያነሰ ይሠራል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህን ነው። በምስሉ ላይ «የበራውን» ብቻ ከፈለጋችሁ ስውሩ ትውስታ አጠገባችሁ እያለ ታልፉታላችሁ። ትንታኔያችሁ ቅናሽንም እንዲፈልግ ከመጀመሪያው አዘጋጁት።

ድክመቱስ? ቀርፋፋ ነው። የደሙ ምላሽ ጫፍ የሚደርሰው ከክስተቱ 5 ወይም 6 ሴኮንድ በኋላ ነው። አንድ ትውስታ ሳይታወቅ ጀምሮ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ወደ መታወቅ ቢሻገር ኤፍ ኤም አር አይ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ያቀርብላችኋል። ለርእሳችን ይህ ቀላል ድክመት አይደለም። ሌላው፣ ከጆሮ ቀዳዳና ከአፍንጫ ጀርባ ባለው አየር ምክንያት በቴምፖራል ክፍል (ከጆሮ አጠገብ ባለው የአንጎል ጎን) ፊት ለፊትና ታች ምልክቱ ይጠፋል። የማስታወስ ጥናት ደግሞ በጣም የሚፈልገው ያንን ሰፈር ነው። የሰውነት መንቀሳቀስ ውጤቱን ያበላሸዋል፤ ድምፁ ከባድ ነው፤ ልባቸው ላይ ፔስሜከር ወይም ሰውነታቸው ውስጥ ብረት ያለባቸው ሰዎች ያለ ልዩ ማጣሪያ አይገቡም።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ። «ሂፖካምፐሱ ስለሠራ እያወቀ አስታውሷል» የሚል። ይህ አያስኬድም። ዴቦራ ሃኑላና ቻራን ራንጋናት በ2009 ለተሳታፊዎች ፊትን ከሥፍራ ምስል ጋር አጣምረው አሳዩ። በኋላ ሥፍራውን አሳይተው የትኛው ፊት አብሮት እንደነበር ጠየቁ። አንዳንዴ ተሳሳቱ። ዓይናቸው ግን ወደ ትክክለኛው ፊት ያዘነብል ነበር፤ ያንን የዓይን እንቅስቃሴ ደግሞ የሂፖካምፐስ ሥራ ይተነብየው ነበር። ሂፖካምፐስ የንቃት መብራት ነው የሚለውን ሐሳብ ይህ ውጤት በጣም ያናጋዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ እኔ ግን ከሂፖካምፐስ ምስል ብቻ ተነስቶ ስለ ንቃት መደምደም ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ረስል ፖልድራክ በ2006 ይህን ዓይነት የተገለበጠ አካሄድ በግልጽ ተችቶታል። ክፍሉ በብዙ ሥራ ላይ የሚሳተፍ ከሆነ መሥራቱ ብቻ የትኛውን ሥራ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ኢ ኢ ጂ፦ «መቼ» ለሚል ጥያቄ

ሃንስ በርገር ከሰው ራስ ላይ የመጀመሪያውን ኢ ኢ ጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ለውጥ፣ የቀዳው በ1924 ሲሆን ያሳተመው በ1929 ነው። አሮጌ መሣሪያ ነው። ለዚህ ርእስ ግን ገንዘቡም ጊዜውም የተወሰነ ተማሪ ቢያማክረኝ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ከማሽኖቹ ሁሉ ርካሹ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ሰው ተቀምጦ ይሠራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚሊ ሴኮንድ ይለካል።

ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ማይክል ረግና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳተሙትን ጥናት እዩ። ተሳታፊዎች ቃላት አጠኑ፤ ገሚሱን በጥልቀት፣ ገሚሱን ላይ ላዩን። በኋላ ያዩአቸውን ቃላት ካላዩአቸው ጋር ደባልቀው አሳዩአቸው። ሦስት ነገር ለየብቻ ወጣ። ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሴኮንድ ባለው ጊዜ ከራስ ኋላ በኩል በፓራይታል አካባቢ የታየው ለውጥ ሰውየው ቃሉን ቢያውቀውም ባያውቀውም ተመሳሳይ ነበር። «አላየሁትም» ያለው ቃል ራሱ ካልታየው ቃል ተለይቶ ታየ። በዚያው ጊዜ ከፊት በኩል የታየው ለውጥ ደግሞ የታወቁትን ቃላት ብቻ ነው የለየው። ከዚያ ዘግየት ብሎ፣ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ በግራ ፓራይታል በኩል የመጣው በጥልቀት በተጠኑት ላይ ጎላ አለ፤ ዝርዝሩን ከማስታወስ ጋር የሚያያዘው እሱ ነው። ስውሩ፣ የመተዋወቁ ስሜትና ሙሉ ትውስታው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ተለያይተው ታዩ። ኤፍ ኤም አር አይ ብቻውን ይህን አይሰጣችሁም።

ከፊት በኩል ስለታየው ለውጥ፣ ማለትም ሞገድ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙዎች የመተዋወቅ ስሜት ምልክት ነው ይላሉ። ኬን ፓለርና ጆኤል ቮስ ግን ሳይታወቅ ከሚሠራ የትርጉም ፕራይሚንግ ሊመጣ ይችላል ብለው ተከራክረዋል። አንዱ ሞገድ በአንዱ ወገን ግልጽ፣ በሌላው ወገን ስውር ሆኖ ይነበባል ማለት ነው። ጥናታችሁ በዚህ ሞገድ ላይ ብቻ ከቆመ መሠረቱ ገና በክርክር ላይ ነው።

ቦታ ላይ ኢ ኢ ጂ ደካማ ነው። የራስ ቅል ምልክቱን ይበትነዋል። ከግድግዳ ወዲያ የሚያወሩ ሰዎችን እንደ መስማት ነው፤ መቼ እንደተናገሩ ታውቃላችሁ፣ ማን የት እንደተቀመጠ ግን አይታያችሁም። ከጥልቅ ያለውን ሂፖካምፐስ በእሱ ማግኘት በጣም ያስቸግራል።

በዚህ ርእስ ደግሞ ልዩ ጣጣ አለው። ኢ ኢ ጂ የብዙ ሙከራ አማካይ ይፈልጋል። ለስውሩ ትውስታ የምትፈልጉት ሰውየው አይቶ «አላየሁም» ያላቸውን ቃላት ነው። ተሳታፊው ጎበዝ ከሆነና ሁሉንም ካወቀባችሁ የምታማክሉት ነገር አይኖርም። ዓይን በመርገብገቡ የተበላሹት ሲወጡ ሃያ ሠላሳ ሙከራ ካልተረፈ አማካዩ አይረጋም። መፍትሔው ከቃላቱ ገሚሱን ላይ ላዩን እንዲታዩ ማድረግና ዝርዝሩን ማርዘም ነው። በጥቂት ሰው ሞክሩትና የስህተቶቹን ብዛት ቁጠሩ፤ ዋናው ቅጂ ከዚያ በኋላ ይጀመር።

ኤም ኢ ጂ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ኤሌክትሪኩን ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚነሳውን መግነጢስ ይለካል። መግነጢሱ በራስ ቅል ስለማይበተን በቦታ ከኢ ኢ ጂ ይሻላል፤ ፍጥነቱ እኩል ነው። ግን ምልክቱ ከምድር መግነጢስ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ስለሆነ ልዩ የተከለለ ክፍል ያስፈልገዋል፣ የተለመዱት ማሽኖች ደግሞ በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛሉ። አጠገባችሁ ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ ለእሱ ብላችሁ ጥናታችሁን አታዘግዩ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ፔት ስካን የዚህን ዘርፍ በር የከፈተ ነው። ዛሬ ግን ለዚህ ጥያቄ አልመክረውም። የደም ፍሰትን ለመለካት የሚውለው ጨረር አመንጪ ኦክስጅን 15 በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ስለሚያልቅ ማምረቻው እዚያው አጠገብ መሆን አለበት። ተሳታፊው ጨረር ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ምስል የደቂቃ ገደማ ድምር ስለሆነ የታወቀውን ቃልና ያልታወቀውን ቃል ለይቶ ማየት አይቻልም።

በብርሃን የሚሠራው ኤፍኒርስ ለሕፃናትና ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ ነው። ብርሃኑ ከአንጎል ገጽ ብዙም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሂፖካምፐስ ለጥያቄያችሁ አስፈላጊ ከሆነ ተዉት።

አንጎል ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሮድ (ቀጭን መቅጃ ሽቦ) በቦታም በጊዜም ከሁሉ ይበልጣል። በ2008 የኢጻክ ፍሪድ ቡድን በሚጥል በሽታ ታካሚዎች ላይ የሠራው ሥራ እጅግ የሚደንቅ ነው። ታካሚዎቹ አጫጭር ቪዲዮ አዩ። በኋላ ያስታወሱትን በነፃነት ሲናገሩ ያንን ቪዲዮ ሲያዩ የነቁት የሂፖካምፐስና የአካባቢው ሕዋሳት እንደገና ነቁ፤ ያውም ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት። ነገር ግን ኤሌክትሮዱ የሚገባው ለሕክምና እንጂ ለጥናት አይደለም። የት እንደሚገባ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ አንጎሉም የታመመ አንጎል ነው። ምርጫ ሆኖ የሚቀርበው እንዲህ ካለ የሕክምና ቡድን ጋር ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው።

«ይህ ክፍል የግድ ያስፈልጋል?» ለሚል ጥያቄ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይመልስም። ሁሉም የሚያሳዩት አብሮ የሚሄድን ነገር ነው። የግድ አስፈላጊነትን ያሳየን የሞሌሰን ጉዳት ነበር። በጤነኛ ሰው ላይ ለዚህ የሚቀርበው ከውጭ በመግነጢስ ምት የአንጎልን ገጽ የሚነካው ቲ ኤም ኤስ ነው። ሂፖካምፐስ በቀጥታ አይደረስበትም። በ2014 የቮስ ቡድን ግን ከሂፖካምፐስ ጋር የተገናኘውን የፓራይታል ክፍል ለተከታታይ ቀናት በመነካካት የማስታወስ ችሎታ መሻሻሉን አሳይቷል።

እንግዲህ ምን ልምረጥ?

ጥያቄያችሁ «ስውሩና ግልጹ በአንጎል ውስጥ የተለያየ ቦታ አላቸው?» ከሆነ ኤፍ ኤም አር አይ ውሰዱ፤ የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ ካለ ጨምሩበት። «ሳይታወቅ የነበረው መቼ ወደ መታወቅ ይሻገራል?» ከሆነ ያለ ጥርጥር ኢ ኢ ጂ። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ አንዱን ፈተና በሁለት የተለያዩ ቀናት በሁለቱ መሣሪያ ማሠራት በአንድ ጊዜ ሁለቱን ከመቅዳት ይቀላል፤ የመግነጢሱ ጫጫታ ኢ ኢ ጂውን ያበላሸዋልና። በሁለተኛው ቀን ግን አዲስ ቃላት ያስፈልጋሉ፤ ተሳታፊውም ስውሩን ፈተና ስለሚጠረጥር ከሰዎቹ ገሚሱ በአንዱ መሣሪያ፣ ገሚሱ በሌላው ይጀምሩ።

«የአንድን ሰው ትውስታ ከአንጎሉ ማንበብ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ጄሲ ሪስማን፣ ሄንሪ ግሪሊና አንቶኒ ዋግነር በ2010 ያሳተሙትን ይመልከት። ተሳታፊዎች ፊቶችን አጥንተው ኤፍ ኤም አር አይ ውስጥ ገቡ። ኮምፒውተሩ ሰውየው «አይቼዋለሁ» ብሎ ማመኑን በጥሩ ሁኔታ ለየ። በእርግጥ አይቶት እንደሆነ ግን ከዚያ ነጥሎ መለየት በጣም አቃተው። ፊቶቹን እያዩ ሌላ ሥራ በሠሩ ጊዜ፣ ማለትም ትውስታው ስውር በሆነ ጊዜ ደግሞ ምንም አልቻለም። ማሽኑ ያነበበው የሰውየውን እምነት ነው፤ የሆነውን ነገር አይደለም። ይህን የምለው ለጥናት ብቻ ብዬ አይደለም። በ2008 በሕንድ ፑኔ ከተማ አንድ ፍርድ ቤት በኢ ኢ ጂ ላይ የተመሠረተ ምርመራን በነፍስ ግድያ ክስ ከማስረጃዎቹ እንደ አንዱ ተቀብሎታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንዲህ ያለ ምርመራ ያለ ሰው ፈቃድ እንዳይደረግ ወሰነ። ሰው በዚህ ነፃነቱን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ቃል የሚገባ ሰው ሲያጋጥማችሁ ዝም አትበሉት።

መሣሪያውን ከመረጣችሁ በኋላ ስውሩን ፈተና ሁልጊዜ ከግልጹ አስቀድሙ። አንዴ «ቅድም ያየኸውን አስታውስ» ከተባለ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ፈተናው እንዳለቀም ተሳታፊውን ጠይቁት፤ መጀመሪያ «ስለ ሥራው ምን አሰብክ?» ብላችሁ በሰፊው፣ ከዚያ «ከቃላቱ ቅድም ያየሃቸው ያሉ መስሎህ ነበር?» ብላችሁ በቀጥታ። ነቅቼ ነበር ያሉትን አታስወጧቸው፤ ለብቻቸው ተንትኗቸው። የእነሱ የአንጎል ምስል ካልነቁት ከተለየ ጥሩ ማወዳደሪያ አገኛችሁ። ካልተለየ ደግሞ ስውር ያላችሁት ፈተና እንደገና ይፈተሽ።